ከመጨፍለቅ መክፈል ይሻላል

የሰው ልጅ ያየውንና የሰማውን ለነገ ለማቆየት ከጥንት ጀምሮ ብዙ ደክሟል። በድንጋይ ላይ ቀርጿል፤ በብራና ላይ ጽፏል፤ በኋላም 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ዲስክ ላይ የወዳጅ ዘመዱን መልክና ድምፅ አስፍሯል። ድንጋዩም ብራናውም ዲስኩም ግን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ዳርቻ ያላቸው መሆኑ ነው። የሚጻፈው ከመጻፊያው የበለጠ እንደ ሆነ ሰው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ወይ ነገሩን እስኪበቃ ድረስ ይጨፈልቀዋል፤ ወይ ለሁለትና ለሦስት ይከፍለዋል። በበኩሌ መክፈል ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዘንድሮውን የወላጆች በዓል የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ልጆች በቪዲዮ አንሥተውታል። ፊልሙ ተስተካክሎ ሲያልቅ የ3 ሰዓት ርዝመት ያለው ሆነ። ከወላጆች መካከል በቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው፣ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን ያላቸው ብዙዎች ስለ ሆኑ በዲቪዲ ተቀድቶ እንዲታደል ታሰበ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ «በአንድ ዲስክ ይበቃል፤ ምን ያንዛዛናል?» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሁለት ይሁን» አሉ። እንዲህ ያለው ክርክር በጩኸት ሳይሆን በሒሳብ የሚፈታ ስለ ሆነ አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት።

በዲቪዲው መያዣ ላይ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል። ይህም 4,700,000,000 ባይት ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ዲስኩን ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገባ 4.38 የሚል ቁጥር ያይና የተታለለ ይመስለዋል። አልተታለለም። የዲስክ ሠሪዎቹ በ1,000 እያበዙ ሲቈጥሩ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች በ1,024 እያበዙ ስለሚቈጥሩ ነው፤ ስፍራው ያው አንድ ስፍራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በኮምፒውተሩ አቈጣጠር 4.6 የሆነ ፊልም ያዘጋጅና ዲስኩ አልቀበልም ሲለው ይደነግጣል።

እንግዲህ ለማውጫውና ለጥንቃቄ 200,000,000 ባይት ብንተው 4,500,000,000 ባይት ይቀራል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ ይህ 36,000,000,000 ቢት ነው። 3 ሰዓት ደግሞ 10,800 ሰከንድ ነው። ብናካፍለው ለያንዳንዱ ሰከንድ 3,333,333 ቢት ይደርሰዋል። ከዚህ ላይ ለድምፁ 192,000 ቢት ስንቀንስ ለሥዕሉ በሰከንድ 3.14 ሚሊዮን ቢት ያህል ይተርፋል።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ለዚህ መልስ ለመስጠት ቪዲዮ እንዴት እንደሚታመቅ ማወቅ ያሻል። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ልማድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 25 ሥዕሎች ይፈራረቃሉ። በዲቪዲ ላይ እያንዳንዱ ሥዕል በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች አሉት። ይህ ሁሉ ሳይታመቅ እንዳለ ቢጻፍ በሰከንድ 124 ሚሊዮን ቢት ይፈልጋል፤ አንድ ዲቪዲም ከ5 ደቂቃ የበለጠ አይዝም ነበር። ስለዚህ ባለሙያዎች ኢንኮድ ማድረግ የሚሉትን ብልኀት ፈጠሩ። ብልኀቱ እንዲህ ነው። አንዱን ሥዕል በሙሉ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚከተሉት ሥዕሎች የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። በዲቪዲ ላይ በ12 ሥዕል አንድ ጊዜ፣ ማለት በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ፣ ሙሉ ሥዕል ማስገባት የተለመደ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁሉም ትርኢት እኩል ቢት አይበላም። ዲሬክተራችን መድረክ ላይ ቆመው ሲናገሩ ከከንፈራቸውና ከእጃቸው በቀር የሚለወጥ ነገር ስለሌለ ጥቂት ቢት ይበቃቸዋል። የባህል ቡድኑ እስክስታ ሲወርድ ግን ትከሻው፣ ነጠላው፣ ከበሮው፣ አጨብጫቢው ሕዝብ ሳይቀር ሁሉም ባንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ቢቱ ያነሰው ፊልም መላ ሲያጣ ሥዕሉን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይሞላዋል፤ የሰው ፊት እንደ ተሰነጣጠቀ ሸክላ ይሆናል። እንግዲህ መጨፍለቅ የሚጐዳው ከበዓሉ ሁሉ የደመቀውን፣ ወላጅ ልጁን ለማየት የሚጓጓበትን ሰዓት ነው ማለት ነው።

ፊልሙን በ2 ዲስክ ብንከፍለው እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ይዞ ለሥዕሉ በሰከንድ 6.47 ሚሊዮን ቢት ያህል ይደርሰዋል፤ ይህም ከፊተኛው ከእጥፍ ይበልጣል። «እንዲህ ከሆነማ ለምን 3 አናደርገውም?» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡን ብንሠራው በ3 ዲስክ 9.81 ሚሊዮን ይሆናል። ነገር ግን የዲቪዲ ሕግ ለሥዕል የፈቀደው ከፍተኛው ልክ በሰከንድ 9.8 ሚሊዮን ቢት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ዲስክ ሥዕሉን እስከ ጣራው ያደርሰዋል እንጂ ዓይን የሚለየው ጥቅም አይጨምርም፤ የቆዩ ማጫወቻዎችንም ሊያስቸግር ይችላል። ከዚህ የምንረዳው መክፈልም ልክ እንዳለው ነው። ለዚህ ፊልም ልኩ 2 ነው።

ከዲቪዲ በፊት የነበረውን ቪሲዲ ያስታወሰ ሰው ይህን ነገር ይበልጥ ይረዳዋል። የቪሲዲ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን የሥዕሉን ልክ በሰከንድ 1,150,000 ቢት ብሎ ወስኖት ነበር። ልኩ የተወሰነ በመሆኑ ማንም ሊጨፈልቅ አይችልም፤ ዲስኩ የሚይዘው 74 ወይም 80 ደቂቃ ነው፤ የተረፈው ወደ ሁለተኛው ዲስክ ያልፋል። ወላጆቻችን የአማርኛ ፊልም በቪሲዲ ሲያዩ «ሁለተኛውን አስገባ» የሚለውን ቃል ለምደውታል፤ ማንም አላጕረመረመም። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ የወጣው ዲቪዲ ግን ልኩን ለሠሪው ፈቃድ ተወለት። ነጻነቱ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ነጻነት ሲመጣ ፈተናም አብሮ መጣ፤ ሰው ሊከፍለው የሚገባውን መጨፍለቅ ጀመረ።

የመጨፍለቅን ጕዳት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከቤታችንም አውቀዋለሁ። የአክስቴ ሠርግ በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ያነሣው አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ከሠርጉ እስከ መልሱ ያለው ፊልም 6 ሰዓት ያህል ነው። ቪዲዮ ቤቱ 4 ዲስክ የሚያስፈልገውን ፊልም በ2 ዲስክ አስገብቶ አስረከበ። በሒሳባችን እያንዳንዱ ዲስክ 3 ሰዓት ያዘ ማለት ነው፤ ይህም ዛሬ ጓደኞቼ ለወላጆች በዓል ፊልም የሚያስቡለት ልክ መሆኑን ልብ ይሏል። በጭፈራው ሰዓት ሚዜዎቹን ከሙሽራው መለየት ያስቸግራል።

ከዚህም የባሰ አለ። ፊልሙ የተከፈለው በነገሩ መጨረሻ ሳይሆን ዲስኩ በሞላበት ነው። አያቴ ሙሽሪትን ሲመርቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ» ሲሉ የፊተኛው ዲስክ ያበቃል። «ክበዱ» የሚለው ቃል የሚገኘው በሁለተኛው ዲስክ መጀመሪያ ላይ ነው። አያቴ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለተኛው ዲስክ ደግሞ ከብዙ ጊዜ አገልግሎት በኋላ ተጫጭሮ መነበብ እንቢ አለ። ወደ ቪዲዮ ቤቱ ተሄዶ ዋናው ቅጂ ቢጠየቅ ካሴቱ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበታል ተባለ። ዛሬ በቤታችን ያለው የምርቃቱ እኩሌታ ነው፤ እርሱም ቢሆን ፊታቸው በደንብ የማይታይበት ነው። አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ የጠፋ ቢት በምንም ዘዴ ተመልሶ አይመጣም። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ለዚህ ዐይነቱ ነው፤ 2 ባዶ ዲስክ ለማትረፍ ሲባል የአንድ ቤተ ሰብ ማስታወሻ ጠፋ።

እንግዲህ መክፈል ይሻላል ስል እንዴት እንደሚከፈልም መናገር ይገባኛል፤ በዘፈቀደ የሚከፍል ከሚጨፈልቅ ብዙ አይሻልምና። የመጀመሪያው ደንብ በነገሩ ጠባይ መክፈል ነው። ረጅም ልብ ወለድ በአንድ ምሽት ተነብቦ አያልቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በውጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተረክ በተከታታይ ክፍሎች ለሕዝብ ደረሰ። አድማጩም ያንዱን ቀን ክፍል ሰምቶ የሚቀጥለውን በናፍቆት ይጠብቅ ነበር እንጂ ሁሉም ባንድ ቀን ይጨመቅልኝ አላለም። የእኛም ፊልም እንዲሁ ሊከፈል ይችላል። እኩል ቢከፈል 90ኛው ደቂቃ የሚውለው ተሸላሚዎች ስማቸው እየተጠራ በሚወጡበት መካከል ነው። ሽልማቱ የሚያልቀው በ98ኛው ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕረፍት ሆኖ ድራማው ይጀምራል። ስለዚህ የፊተኛው ዲስክ 98፣ የኋለኛው 82 ደቂቃ ይሁን። እንዲህ ሲሆን የፊተኛው በሰከንድ 5.93 ሚሊዮን ቢት ያህል ያገኛል። በ6.47 እና በ5.93 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ስሙ ተጠርቶ ወደ መድረክ ሲወጣ የተቈረጠ ልጅን ግን እናቱ ትለየዋለች።

ሁለተኛው ደንብ በሙሉ ሥዕል ላይ መቍረጥ ነው። አስቀድሜ እንደ ገለጽሁት በሁለት ሙሉ ሥዕሎች መካከል ያሉት የሚመዘግቡት ለውጥን ብቻ ነው። ዲስኩ ከመካከላቸው ቢጀምር ለውጡን የሚያሳርፍበት መሠረት ስለሌለው ሥዕሉ ተዘበራርቆ ይታያል። መቍረጫውን ወደ ቅርቡ ሙሉ ሥዕል ማስጠጋት ከግማሽ ሰከንድ የበለጠ አያስከፍልም።

ሦስተኛው ደንብ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የሚቆም እንዲሆን ነው። አንዳንድ ሰዎች አንድን ትልቅ ፋይል በኮምፒውተር ፕሮግራም በባይት ብቻ ለክተው ይቈርሱትና በልዩ ልዩ ዲስክ ያስቀምጡታል። በኋላ ለማየት ሲፈልጉ ሁሉንም መልሰው መገጣጠም አለባቸው። ከ3ቱ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን የቀሩት 2ቱ ምንም ቢድኑ ፊልሙ በደንብ አይከፈትም። ይህ ደብዳቤን አንብቦ በአንቀጽ በአንቀጽ መክፈል ሳይሆን ሳያነቡ በመቀስ መሸርከት ነው። ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱ ዲስክ ያለ ጓደኛው የሚታይ መሆን አለበት። አንዱ ቢጠፋ የሌላው በረከት አይጥፋ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒዎቼ የሚያነሡትን ልመልስ። አንዳንዱ «ሁለት ንብርብር ያለው 8.5 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ አለ» ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በቤት የሚቀዳውን እንዲህ ያለ ዲስክ የቆዩ ማጫወቻዎች ሁሉ አያነቡትም። ሌላው ደግሞ «እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች 264 የሚባለው አዲስ ዘዴ በጥቂት ቢት ጥሩ ሥዕል ይሰጣል» ይላል። ይህም እውነት ነው። ዳሩ ግን ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ 2 የተባለውን የቀድሞውን ዘዴ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚናገሩት እንግዳው በሚሰማው ቋንቋ ነው፤ ስጦታም የሚሰጠው ተቀባዩ ሊከፍተው በሚችለው ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ተቃራኒ ብርቱ ነው። «ዛሬ ፍላሽና ስልክ እያለ ስለ ዲስክ መጨነቅ ምን ይባላል?» ይላል። በእርግጥም የዲስክ ዘመን እየመሸ ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚቀረጹ የብሉሬይ ዲስኮችን ማምረት በየካቲት 2017 ዓ.ም. አቁሟል፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖችም የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። እኔም ዋናውን ፊልም በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተርና በሌላ ሃርድ ዲስክ ሳይጨፈለቅ ማስቀመጥ የግድ ነው እላለሁ። ነገር ግን ፍላሽ የሚደመሰስ ዕቃ ነው። ዛሬ የወላጆች በዓል የያዘው ፍላሽ ነገ ዘፈን ይገለበጥበታል፤ ለዚያም ስፍራ ሲባል በዓሉ ይደመሰሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ግን ከተዘጋ በኋላ በላዩ ላይ ሌላ አይጻፍበትም። በሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ስም የሚጻፍበት፣ ለአያት የሚሰጥ ነገር ነው።

የዋጋው ነገርስ? ሁለት ዲስክ ከአንድ ዲስክ እንደሚወደድ አልክድም። ይሁን እንጂ ለድንኳኑ፣ ለልብሱ፣ ለምግቡ የወጣውን ያሰበ ሰው የዚያን ቀን ብቸኛ ማስታወሻ ለመጠበቅ የሚወጣው የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋ ይበዛል አይልም። አቅም የሚያንስ ከሆነም የዲስኩን ቍጥር ከመቀነስ የፊልሙን ትርፍ ነገር መቀነስ ይሻላል። ባዶ ወንበሮች የሚታዩበት፣ ማይክራፎን የሚፈተሽበት ደቂቃ ቢቀር የሚያዝን የለም።

በመጨረሻ ጥቂት ምክር ልጨምር። ዲስክ የሚጻፈው ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ዳር ነው፤ ጣት የሚይዘውም የሚጫጫረውም ዳሩ ስለ ሆነ እስከ ጫፉ አንሙላው። ፀሐይ የሚቀረጽበትን ቀለም ስለሚያበላሽ በመስኮት ላይ አንተወው። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ አንጻፍ፤ ለስላሳ ጫፍ ባለው ማርከር «1ኛ ከ2»፣ «2ኛ ከ2» ብለን ከነዓመተ ምሕረቱ እንጻፍ። ከተቀዳም በኋላ በኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን በተራ ማጫወቻ እስከ መጨረሻው እንሞክረው። ከሁሉም በላይ ከያንዳንዱ አንድ ትርፍ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ተብሏልና።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ከዓመታት በኋላ ያንን ፊልም የሚከፍተው ሰው በመድረኩ ላይ የቆመው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ይፈልግ ይሆናል። በመካከላቸው ያን ጊዜ በሕይወት የማይገኙ መምህር ወይም ወላጅ ሊኖሩ ይችላሉ። ያ ሰው ዲስኩን ለመለወጥ አንድ ጊዜ ከወንበሩ ቢነሣ አይጐዳም፤ የሚፈልገውን ፊት ቢያጣ ግን ይጐዳል። ስለዚህ የክበባችን አባሎችና ኀላፊ መምህራችን ፊልሙን በ2 ዲስክ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ላይ ከፍለው እንዲያድሉን በትሕትና እጠይቃለሁ።